ጀማሪን የሚያርም ኮምፒዩተር ምን ብሎ ይምከር?

የተማሪን ሥራ ማረም ከማስተማር የማያንስ ጥበብ መሆኑን ያስተማሩ ሁሉ ያውቁታል። በቀይ ቀለም አንድ መስቀል አስምሮ ደብተሩን የሚመልስ አስተማሪ አለ፤ ከመስቀሉ አጠገብ «እዚህ ላይ መበደርን ዘንግተሃል» ብሎ የሚጽፍም አለ። ሁለቱም ስሕተቱን አይተዋል፤ ዳሩ ግን ተማሪው የሚማረው ከሁለተኛው ነው። እኛም በልጅነታችን የማካፈልን ሒሳብ የለመድነው ከመስቀሉ ሳይሆን ከመስቀሉ አጠገብ ከተጻፈው ቃል ነበር።

ዛሬ በብዙ አገር፣ በእኛም አገር ጭምር፣ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍን፣ ማለት ፕሮግራም ማዘጋጀትን የሚማር ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያስረክበው ለራሱ ለኮምፒዩተር ነው። ተማሪው የጻፈውን በኢንተርኔት ይልካል፤ የማረሚያው ፕሮግራም ተቀብሎ ይሞክረዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ፍርዱን ይመልሳል። ፍርዱም የሚመለከተው የመልሱን ትክክለኛነት ብቻ አይደለም። ሥራው ምን ያህል ጊዜና ምን ያህል ድካም እንደ ፈጀ፣ በአጭሩ ቅልጥፍናውን ጭምር የሚመዝን ማረሚያ ብዙ ነው። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ይህ አራሚ ከላይ ከጠቀስናቸው ከሁለቱ አስተማሪዎች የትኛውን ይመስላል? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ

ወደዚህ ጕዳይ ያመጣን በጎረቤት የደረሰ ነገር ነው። ይህን ትምህርት ከጀመረች ሦስት ወር ያልሞላት አንዲት የጎረቤታችን ልጅ አንድ ቅዳሜ ማታ ኮምፒዩተሯን ታቅፋ ወደ ቤታችን መጣች። እናቷም ተከትለዋት ገቡ። ለመሥሪያ ቤታችን ሥራ ስንል ከዚህ ትምህርት ጥቂት የቀመስን መሆናችንን ስለሚያውቁ ምክር ፈልገው ነበር።

የቤት ሥራው እንዲህ የሚል ነው፤ «የአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ መዝገብ ተሰጥቷል። በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም መኖር አለመኖሩን የሚናገር ፕሮግራም ጻፉ»። ልጅቱ ጽፋ ላከች። ማረሚያው በ12 ፈተና ሞከረው። በ9ኙ ፈተና «ትክክል» አለ፤ በቀሩት በ3ቱ ግን «የተፈቀደው ጊዜ አልፏል» ከሚል ከአንድ መስመር በቀር ምንም አልጻፈም። ማለፊያ ነጥብ ለማግኘት 12ቱንም ማለፍ ያስፈልግ ነበርና ሥራው ወደቀ።

«ጋሼ፤ መልሴ ልክ ነው፤ ትንንሾቹን መዝገቦች በእጄ ቈጥሬ አመሳክሬያቸዋለሁ። ታዲያ ለምን ወደቀ?» አለችን።

እናቷም፤ «ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥታለች። ልጄ ለዚህ ትምህርት የተፈጠረች አልመሰለኝም፤ ሌላ ሙያ ብትይዝ ይሻላት ይሆን እያልሁ ነው» አሉ። ልጅቱ ዝም አለች። ዝምታዋ ግን የእናቷን ሐሳብ ወደ መቀበል ያዘነበለ ይመስል ነበር።

በሦስቱ ቀን ውስጥ ምን እንዳደረገች ጠየቅናት። ረዣዥም የነበሩትን መጠሪያዎች በአንድ በአንድ ፊደል ተካቻቸው፤ ለአንባቢ ማብራሪያ የጻፈቻቸውን መስመሮች ሰረዘች፤ ሁለቱን መስመር አንድ አደረገች። ጽሑፉ ሲያጥር ሥራው የሚፈጥን መስሏታል። ፍርዱ ግን ያው ሆነ። በመጨረሻም ያልተረዳችውን አሠራር ከሌላ ስፍራ ገልብጣ ብታስገባ ቀድሞ ትክክል የነበረው መልስ ራሱ ተበላሸ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያመጣው የልጅቱ ስንፍና አይደለም፤ «ዘገየሽ» ብሎ የት እንደ ዘገየች ያልነገራት እርማት ነው።

ድካሙን በቍጥር ብናየው

ነገሩን ለማስረዳት ወደ መዝገብ ቤት እንሂድ። አንድ ጸሐፊ 10 ስም ያለበት ወረቀት ተሰጥቶት ድጋሚ ስም ይፈልግ ቢባል የመጀመሪያውን ስም ከቀሩት ከ9ኙ ጋር፣ ሁለተኛውን ከቀሩት ከ8ቱ ጋር እያለ ያወዳድራል። ድጋሚ ስም ከሌለ በጠቅላላው 45 ጊዜ ያወዳድራል ማለት ነው። ይህም ቡና ሳይበርድ የሚያልቅ ሥራ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ፕሮግራም የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነበር፤ ማንም ጀማሪ በመጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነውና አያስነቅፍም።

ነገር ግን ስሞቹ 1000 ሲሆኑ ማወዳደሩ 499,500 ይደርሳል። 100,000 ሲሆኑ ደግሞ 4,999,950,000 ይሆናል። ኮምፒዩተሩ በአንድ ሰከንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ ያወዳድራል ብለን ብናስብ እንኳ ይህን ለመጨረስ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ልጅቱን የጣሏት ሦስቱ ፈተናዎች እንዲህ ያለ ትልቅ መዝገብ የያዙ ነበሩ። ይህን ግን ማንም አልነገራትም።

አሁን ሌላውን መንገድ እንመልከት። ጸሐፊው አስቀድሞ ስሞቹን በፊደል ተራ ቢደረድራቸው ድጋሚ የሆኑት ስሞች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ስም ከሚቀጥለው ጋር ብቻ ማወዳደር ይበቃል። በደንብ የታወቁት የመደርደሪያ ዘዴዎች 100,000 ስም ለመደርደር 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ያህል ማወዳደር ይጠይቃሉ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ለማወዳደርም 99,999 ይጨመራል። ከላይ ባሰብነው ፍጥነት ይህ ሁሉ ከሩብ ሰከንድ በታች ያልቃል። ኮምፒዩተሩ ያው ነው፤ መዝገቡም ያው ነው፤ የተለወጠው አሠራሩ ብቻ ነው። 8 ደቂቃው ወደ ሩብ ሰከንድ የወረደው ውድ መሣሪያ ተገዝቶ ሳይሆን ሰው አስቦ ነው።

ጀማሪን የሚያታልል ሌላም ነገር አለ። ብዙ ጀማሪዎች በሚማሩበት በፓይተን ቋንቋ አንድ ስም በዝርዝር ውስጥ መኖሩን በአንድ አጭር መስመር መጠየቅ ይቻላል። ልጅቱም ያየቻቸውን ስሞች በዝርዝር እያስቀመጠች አዲሱ ስም በዚያ ውስጥ መኖሩን በዚህ አጭር መስመር ጠይቃ ነበር። ጽሑፉ ከቀድሞው በግማሽ አጠረ። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ያን አንድ መስመር ለመፈጸም ዝርዝሩን ከራስ እስከ ግርጌ መሄድ አለበት። ድጋሚ ስም በሌለበት የ100,000 ስም መዝገብ የማወዳደሩ ብዛት ሲደመር ተመልሶ 4,999,950,000 ይሆናል፤ አንድም አልተቀነሰም። ድካሙ ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። በዚሁ ቋንቋ «ስብስብ» የሚባል ሌላ ማስቀመጫ አለ፤ እርሱ ስሙን ከተቀመጠበት ስፍራ በቀጥታ ለመፈለግ የተሰናዳ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ጥያቄ የስሞቹ ብዛት ሳያግደው ወዲያው ይመለሳል። በጽሑፍ ሲታዩ ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ቃል ነው፤ በሥራ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህን ጀማሪው በራሱ እንዲደርስበት መጠበቅ በጨለማ መርፌ ፈልግ እንደ ማለት ነው።

የማረሚያው ታሪክ

የተማሪን ሥራ በኮምፒዩተር ማረም የትናንት ሐሳብ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ጃክ ሆሊንግስዎርዝ የተባሉ ሰው በአሜሪካ በትሮይ ከተማ በሚገኘው በሬንሰለር ፖሊቴክኒክ ተቋም የተማሪዎችን ፕሮግራም ስለሚያርም ፕሮግራም ጽፈው አሳተሙ። በዚያን ጊዜ ተማሪው ሥራውን የሚያቀርበው በተበሳ ካርድ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የዴንማርኩ ሊቅ ፒተር ናውር አልጎል በሚባለው ቋንቋ የተጻፉትን የተማሪዎች ሥራዎች በኮምፒዩተር ስለ ማረም ጻፉ።

በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆርጅ ፎርሳይትና ኒክላውስ ቪርት ሁለት ዓይነት ማረሚያ አቀረቡ። አንደኛው ለጀማሪ ተማሪ የተዘጋጀ ነበር፤ ሥራውም ልዩ ልዩ ቍጥር እየሰጠ መልሱ ትክክል መሆኑን መመርመር ነው። ሁለተኛው ግን የአንድን ከበድ ያለ የሒሳብ ዘዴ አስተማማኝነትና ቅልጥፍና አጥብቆ የሚፈትን ነበር። እንግዲህ ገና ከጥንቱ ትክክለኛነትን መመርመርና ቅልጥፍናን መመርመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆነው ቀርበው ነበር ማለት ነው። ዛሬ በአንዳንድ ማረሚያ ሁለቱ በአንድ ፍርድ ተጠቅልለው ስለሚመጡ ጀማሪው የወደቀበትን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። «ተሳሳትህ» እና «ዘገየህ» ሁለት ቃል ናቸው፤ ለየብቻቸው ሊነገሩ ይገባል።

ሰዓት ብቻውን ዳኛ አይሆንም

ማረሚያው ቅልጥፍናን የሚመዝንበት ቀላሉ መንገድ ሰዓት መያዝ ነው። ፕሮግራሙ በተወሰነው ጊዜ ካልጨረሰ ያቋርጠዋል። ይህ መንገድ ጥቅም አለው፤ ማለቂያ የሌለው ሥራ የጀመረ ፕሮግራም ማሽኑን ይዞ እንዳይቀር ያደርጋል። ነገር ግን ሰዓት ብቻውን ሲፈርድ በሁለት ወገን ይስታል።

በአንድ ወገን ደኅናውን ይጥላል። አንድ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ጊዜ ቢሠራ እንኳ የሚፈጀው ጊዜ ፍጹም እኩል አይሆንም። ማረሚያው ብዙ ሥራ በሚጫንበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ተማሪዎች ሁሉ በመጨረሻው ሌሊት በአንድነት ሲልኩ፣ የእያንዳንዱ ሥራ ሊዘገይ ይችላል። ከወሰኑ አጠገብ ያለ ፕሮግራም ጧት አልፎ ማታ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ መጥፎውን ያሳልፋል። ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። 0፣ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያለ የሚሄደውን፣ እያንዳንዱ ቍጥር የቀደሙት የሁለቱ ድምር የሆነበትን ተራ ብዙ ጀማሪዎች እንዲሠሩት ይታዘዛሉ። ተማሪው፤ «30ኛውን ለማግኘት 29ኛውንና 28ኛውን ፈልግና ደምር» ብሎ፣ እነዚያንም እንደዚሁ እያስፈለገ ቢጽፍ መልሱ ትክክል ይሆናል። ዳሩ ግን ኮምፒዩተሩ አንዱን ቍጥር እየደጋገመ ስለሚያሰላ፣ ዜሮውን መነሻ አድርገን ብንቈጥር፣ ለ30ኛው ብቻ 2,692,537 ጊዜ ይጠራል። ከመጀመሪያው ተነሥቶ በተራ እየደመረ ቢወጣ ግን 29 ጊዜ መደመር በበቃው ነበር። ይህ ሁሉ ብክነት እያለ ከላይ ባሰብነው ፍጥነት ሥራው ከአንድ ሰከንድ በታች ያልቃል። ሰዓት የያዘው አራሚም «ጎበዝ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። ተማሪው 40ኛውን ሲጠይቅ ግን ጥሪው 331,160,281 ይደርሳል። ያን ጊዜ ይደነግጣል፤ አራሚው ግን አስቀድሞ አላስጠነቀቀውም።

ከሰዓት የተሻለው መንገድ እርምጃን መቍጠር ነው። ማረሚያው አንድን ፕሮግራም በ1000፣ በ2000፣ በ4000 ስም ሞክሮ ስንት ጊዜ እንዳወዳደረ ሊቈጥር ይችላል። በጎረቤታችን ልጅ ሥራ ቢቈጥር ኖሮ 499,500፣ ከዚያ 1,999,000፣ ከዚያም 7,998,000 ያገኝ ነበር። መዝገቡ በእጥፍ ባደገ ቍጥር ድካሙ በአራት እጥፍ ያድጋል። ይህ ቍጥር በማሽን ፍጥነት አይለወጥም፤ በማታና በጧት አይለያይም። ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም ፕሮግራሙን ሳያሠሩ ጽሑፉን መመርመር ነው። አንዱ ዙር በሌላው ዙር ውስጥ ሲገባ፣ በዙር ውስጥ ዝርዝር ሲፈለግ፣ የማይለወጥ ነገር በየዙሩ እንደ ገና ሲሰላ ማረሚያው መስመሩን ለይቶ ሊያመለክት ይችላል። ነገር ግን ዙር በዙር ውስጥ መኖሩ ሁልጊዜ ጥፋት ስላልሆነ ጽሑፍ ማንበብና እርምጃ መቍጠር ቢተባበሩ ይሻላል።

መልካም እርማት ምን ይላል?

እንግዲህ ማረሚያው ለልጅቱ ይህን ብሏት ቢሆን እንመኝ ነበር፤

«መልስሽ በጨረሰበት ፈተና ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ስሞቹ 1000 ሲሆኑ 499,500 ጊዜ፣ 2000 ሲሆኑ 1,999,000 ጊዜ አወዳድረሻል። መዝገቡ በእጥፍ ሲያድግ ሥራው በአራት እጥፍ ያድጋል። ይህም በ4ኛውና በ5ኛው መስመር አንዱ ዙር በሌላው ውስጥ ስለ ገባ ነው። አንድን ስም ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ሳታወዳድሪ ድጋሚ መሆኑን ማወቅ የምትችዪበት መንገድ ይኖር ይሆን?»

ይህ አጭር ጽሑፍ አራት ነገር ይዟል። አስቀድሞ ትክክል የሆነውን ትክክል ይላል፤ ተማሪዋ ደኅናውን ሥራ አፍርሳ እንዳትጥል ይጠብቃታል። ሁለተኛ፣ «አዝጋሚ ነሽ» ብሎ ሰውን ሳይነቅፍ የሥራውን እድገት በቍጥር ያሳያል። ሦስተኛ፣ ቦታውን ይጠቁማል። አራተኛ፣ መድኃኒቱን አይሰጥም፤ ይጠይቃል። መልሱን ራሷ ብታገኘው ለሁልጊዜ የእርሷ ይሆናል።

ይህን አራተኛውን ነገር አጥብቀን የምንናገረው በምክንያት ነው። ከ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ማለታችን ነው፣ ቻት ጂፒቲና የመሳሰሉት በሰው ቋንቋ የሚመልሱ ፕሮግራሞች በተማሪው እጅ ገብተዋል። እነዚህ ማብራሪያ ይሰጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ያማረ ማብራሪያ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ያሳስባል። አንደኛ፣ በሙሉ ልብ ተናግረው ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ «ይህ ይፈጥናል» ያሉት ካልተሞከረና ካልተቈጠረ መታመን የለበትም። ሁለተኛ፣ ካልተከለከሉ ሥራውን ሠርተው ያስረክባሉ። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ይፈጥናል፤ ተማሪው ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ቍጥሩን የሚቈጥረው ማረሚያው፣ ቋንቋውን የሚያቃናው ይህ አዲሱ ረዳት፣ የሚያስበው ተማሪው ቢሆን መልካም ነው።

ሁሉን ማፍጠን ጥበብ አይደለም

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ጀማሪ ስለ ፍጥነት ብዙ ከተነገረው ገና በትክክል ሳይሠራ መሮጥ ይጀምራል። ታላቁ የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ በ1974 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ያለ ጊዜው የሚደረግ የማፍጠን ጥረት ብዙ ጥፋት እንደሚያመጣ አስጠንቅቀዋል፤ በዚያውም ላይ የሥራው ክብደት የሚወድቅበት ጥቂት ስፍራ ተለይቶ ሲታወቅ ያን ማሻሻል እንዳይተው አሳስበዋል። 40 ሠራተኛ ብቻ ላለው መሥሪያ ቤት የልጅቱ የመጀመሪያ ፕሮግራም በቂ ነበር፤ ለማንበብም ቀላል ነበር። ስለዚህ ማረሚያው «ይህ አሠራር ለትንሽ መዝገብ ይበቃል፤ ለትልቅ ግን አይበቃም» ብሎ ቢነግራት እውነቱን ሁሉ ነገራት ማለት ነው።

የትክክለኛነትንም ነገር ከእኛው ፊደል በተገኘ ምሳሌ እናስረዳ። በደመወዝ መዝገብ አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ «ሥዩም» እና «ስዩም» እንደዚሁ ናቸው። ለሰው ጆሮ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያየ ምልክት ነው። በፊደል ተራ ቢደረደሩም ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ በስብስብ ውስጥም እንደ ሁለት ስም ይቈጠራሉ። እንግዲህ ሩብ ሰከንድ የሚፈጀው ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ደመወዝ የሚወስደውን ሰው በፍጥነት አልፎት ይሄዳል። ይህን ጕድለት ሰዓት አይገልጠውም፤ እርምጃ መቍጠርም አይገልጠውም። የሚገልጠው አገሩንና ጽሕፈቱን የሚያውቅ አስተማሪ ነው። ማሽኑ አስተማሪውን ከብዙ ድካም ያሳርፋል እንጂ አይተካውም የምንለው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ለምን ይገደናል?

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በዚህ ሙያ ለማሠልጠን የታሰበው ዕቅድ በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ትብብር በይፋ ተጀመረ፤ ትምህርቱም በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። አምስት ሚሊዮን ሰው አንድ አንድ የቤት ሥራ ብቻ ቢያቀርብና አንዱን ለማረም 10 ደቂቃ ቢፈጅ በጠቅላላው 50 ሚሊዮን ደቂቃ ይሆናል። 100 አስተማሪዎች በቀን 8 ሰዓት ቢያርሙ ከ1000 ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚማርበት ስፍራ የማሽን እርማት ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው። ግዴታ ከሆነ ደግሞ ለብቻው በቤቱ ተቀምጦ ለሚማር፣ የሚጠይቀው ጎረቤት ለሌለው ተማሪ፣ ያ አንድ መስመር የአስተማሪ ድምፅ ሁሉ ነው። «የተፈቀደው ጊዜ አልፏል» ብቻ ከተባለ፣ ሙያው አልፈቀደልኝም ብሎ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ስንቱ እንደ ሄደም የሚመዘግብ የለም።

ቅልጥፍናንም ማስተማር የምንሻው ለነጥብ አይደለም። ዛሬ በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት የቆመ ባለ ጕዳይ «ሲስተሙ ዘግይቷል፤ ይጠብቁ» ሲባል ይሰማል። የመዘግየቱ ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ መስመር ሊደክም፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን አንዳንዴ ምክንያቱ 40 ስም ባለው መዝገብ ተሞክሮ 100,000 ስም የተጫነበት አሠራር ይሆናል። ያን ጊዜ የሚባክነው የማሽን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ እናት ቀን ነው። ቅልጥፍና ማለት በመጨረሻው የሌላውን ሰው ጊዜ ማክበር መሆኑን ጀማሪው ገና ከመነሻው ቢረዳ ለአገልግሎት የሚበቃ ሰው ይወጣዋል።

የልጅቱ ነገር እንዴት ሆነ?

በዚያ ቅዳሜ ማታ ለልጅቱ መልሱን አልነገርናትም። ኮምፒዩተሩን ዘግታ የገበያ ዝርዝር፣ የዕድር መዝገብና የድሮ ደብተር ስም የተቀላቀለበት ወረቀት ሰጠናትና፤ «ይህን በእጅሽ ብትሠሪው እንዴት ታደርጊዋለሽ?» አልናት። ጥቂት ስሞች ካወዳደረች በኋላ እጇን አቆመች።

«ጋሼ፤ እንዲህማ እስከ ነገም አልጨርስ። መጀመሪያ በፊደል ተራ ልደርድራቸው» አለች።

«ታዲያ እሱን ጻፊዋ» አልናት።

ያንኑ ሌሊት ጻፈችው፤ እሑድ ጧት ላከችው፤ 12ቱም ፈተና አለፈ። እናቷ ደስ ብሏቸው ቡና ጠሩን። ልጅቱ ግን ስለ ነጥቡ ብዙ አልተናገረችም። በደብተሯ ላይ የሁለቱን አሠራር ቍጥር ጎን ለጎን ጽፋ፤ «ይህን ያን ዕለት ቢነግሩኝ ኖሮ ሦስት ቀን አላለቅስም ነበር» አለችን። ይህ ቃል ከልባችን አልጠፋም።

ስለዚህ ማረሚያ ለሚያዘጋጁ ሁሉ አደራ የምንለው፣ ከመስቀሉ አጠገብ ቃል ይጻፉ ብለን ነው። አስተማሪዎችም የፈተናውን መዝገብ ትልቅነት አስቀድመው ለተማሪው ይንገሩ። ወላጆችም ልጃቸው ከእንዲህ ያለ ትምህርት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከማለት በፊት፤ «አራሚው ምን አለህ? አንተስ ምን ገባህ?» ብለው ይጠይቁት። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ዛሬ መልሱ ትክክል የሆነለት ጀማሪ የት እንደ ዘገየ በትሕትና ከተነገረው ነገ ይፈጥናል።